ትዊስት ሁለት ጊዜ አንደኛ የወጣው እንዴት ነው? ከደሴ የቀረበ ጥያቄ

የሆጤው አንባቢ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ ወገኖቼ። የምጽፈው ከደሴ ነው። በሰፈራችን ጥቂት ሰዎች ሆነን በየአሥራ አምስት ቀኑ እየተገናኘን ስለ ዘፈንና ስለ ጭፈራ እንወያያለን። የሚቀጥለው ተራ የእኔ ስለሆነ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ከአጎቴ አፍ ስሰማው ስላደግሁት ትዊስት ስለሚባለው የአሜሪካ ዘፈንና ጭፈራ ለመናገር አስቤአለሁ። አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ በ1955 ዓ.ም. እዚሁ ደሴ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበሩ። የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ለመጀመሪያ ጊዜ የመጡት በዚያ ወቅት በመሆኑ፣ ከመምህራኑ አንዱ ሸክላ እያጫወተ ለተማሪዎቹ ትዊስትን እንዳሳያቸው፣ እነሱም ቅዳሜ ቅዳሜ በጓደኛቸው ቤት እየተሰበሰቡ እንደተለማመዱት ይናገራሉ።

ለዝግጅቴ ሳነብ ግራ ያጋቡኝ ነገሮች አሉ። ቻቢ ቼከር የዘፈነው ይህ ዘፈን በአሜሪካው የቢልቦርድ መጽሔት የዘፈኖች ደረጃ ሠንጠረዥ አንደኛ የወጣው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1960 ነው የሚል አገኘሁ። በሌላ ቦታ ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥር 1962 ነው ይላል። በመጀመሪያ የእኛና የእነሱ አቆጣጠር የተምታታ መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ባሰላውም ባሰላው አልገጥም አለኝ። ሁለቱም እውነት ከሆኑ፣ አንድ ዘፈን ከአንደኛነት ወርዶ፣ ተረስቶ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ እንዴት ተመልሶ ይወጣል? በዚያ ላይ ዘፈኑን አስቀድሞ የደረሰውና የተጫወተው ሌላ ሰው ነው ይባላል፤ ታዲያ የፊተኛው ለምን አልታወቀም?

አንድ ነገር ልጨምር። አጎቴ ስለ ትዊስት በተነሳ ቁጥር «እነሱን ያስደነቃቸውና እኛን ያስደነቀን ለየቅል ነው» ይላሉ። ምን ለማለት እንደፈለጉ ስጠይቃቸው «ስትጨፍረው ይገባሃል» ብለው ያልፉኛል። ዕውቀቱ ያላችሁ እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አሮጌ ሸክላ፦

ወንድሜ የሆጤው አንባቢ፣ ሁለቱም ያነበብካቸው ቀኖች ትክክል ናቸው። ቢልቦርድ «ሆት 100» የተባለውን ሠንጠረዥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1958 ነው፤ በዚያ ዘመን የሸክላ ሽያጭንና በራዲዮ የመጫወት ብዛትን አንድ ላይ እያሰላ በየሳምንቱ መቶ ዘፈኖችን በደረጃ ያሰልፍ ነበር። የቻቢ ቼከር ትዊስት በዚህ ሠንጠረዥ እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1960 አንደኛ ሆኖ አንድ ሳምንት ቆየ። ከአሥራ ስድስት ወራት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 1962፣ ያው ቅጂ፣ ያው ድምፅ፣ አንድ ኖታ እንኳን ሳይለወጥ እንደገና አንደኛ ሆኖ ሁለት ሳምንት ቆየ። አንድ ዘፈን ከሠንጠረዡ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ በሌላ ጊዜ ተመልሶ አንደኛ ሲሆን ይህ የመጀመሪያው ነበር። እስከ 2020 ድረስም ብቸኛው ሆኖ ኖረ፤ በዚያ ዓመት የማራያ ኬሪ የገና ዘፈን፣ ባለፈው ገና የያዘውን አንደኛነት መልሶ በመያዝ ተጋራው።

አሁን ወደ ፊተኛው ባለቤት ልመለስ፤ እኔን ዘወትር የሚቆረቁረኝ እዚህ ላይ ነውና። ዘፈኑን የደረሰው ሀንክ ባላርድ ይባላል፤ በዲትሮይት የተወለደና ሚድናይተርስ የተባለውን ቡድን ይመራ የነበረ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ትዊስትን እ.ኤ.አ. በ1958 መጨረሻ ቀርጾ በቀጣዩ ዓመት አወጣው። ነገር ግን ኪንግ የተባለው አሳታሚው ትልቅ ተስፋ የጣለው በሌላ የፍቅር ዘፈን ላይ ስለነበር፣ ትዊስትን በሸክላው ጀርባ አስቀመጠው። በሸክላ ዘመን የኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል፤ የራዲዮ አጫዋች ፊቱን አጫውቶ ያነሳዋል እንጂ ጀርባውን የሚገለብጥለት ጥቂት ነው። እንዲያም ሆኖ በጥቁሮች የሙዚቃ ሠንጠረዥ 16ኛ ደርሷል። ባላርድ ከዚያ ቀደም እ.ኤ.አ. በ1954 ያወጣቸው ዘፈኖች በሰፊው ቢሸጡም፣ ግጥማቸው ከጨዋነት ያፈነገጠ ነው ተብሎ ብዙ የራዲዮ ጣቢያዎች አግደዋቸው ስለነበር፣ ስሙን ሲሰሙ ፊታቸውን የሚያዞሩ አልጠፉም።

እንግዲህ ከፊላደልፊያ በየቀኑ ለመላው አሜሪካ የሚተላለፍ የወጣቶች የጭፈራ ዝግጅት በቴሌቪዥን ነበር፤ አቅራቢው ዲክ ክላርክ ይባላል። በባልቲሞር ያሉ ወጣቶች በባላርድ ዘፈን የሚጨፍሩት አዲስ ጭፈራ ወሬው ሲደርሰው፣ ዘፈኑ በሌላ ሰው ድምፅ እንዲቀረጽ በዚያው ከተማ ለነበረው ለካሜዮ-ፓርክዌይ አሳታሚ ሐሳብ አቀረበ። የተመረጠው ኧርነስት ኢቫንስ የተባለ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ልጁ ዶሮ በሚታረድበትና በሚበለትበት መደብር እየሠራ የሚያንጎራጉር፣ የታወቁ ዘፋኞችን ድምፅ በመምሰል የተካነ ነበር፤ ቀደም ሲልም ለክላርክ የገና ስጦታ እንዲሆን የበርካታ ዘፋኞችን ድምፅ አስመስሎ ቀርጾለታል። ስሙን ያወጣችለት የክላርክ ባለቤት ናት። በዘመኑ ፋትስ ዶሚኖ የተባለ ዝነኛ ዘፋኝ ነበር፤ «ፋትስ» ወፍራም ማለት ሲሆን፣ ዶሚኖ ደግሞ የታወቀው ጨዋታ ነው። እሷም «ቻቢ» ማለትም ደልደል ያለ በሚለው የልጁ ቅጽል ላይ «ቼከር» የሚለውን፣ እኛ ዳማ የምንለውን ጨዋታ፣ ጨመረችበት። ይህ ልጅ የባላርድን አዘፋፈን ከሥር መሠረቱ እስከ ትንፋሹ ድረስ ስለመሰለው፣ ባላርድ ራሱ በራዲዮ ሲሰማው የገዛ ድምፁ መስሎት እንደነበር ተናግሯል።

ስለዚህ «የፊተኛው ለምን አልታወቀም?» ላልከው፣ መልሴ በአጭሩ ተነጠቀ የሚል ነው። ዘፈኑም፣ አዘፋፈኑም የእሱ ሆኖ ሳለ፣ ክብሩን የወሰደው ቴሌቪዥን ፊት የቆመው ነው።

ክራር ከኮምቦልቻ፦

ጋሽ አሮጌ ሸክላ የታሪኩን ቅደም ተከተል ስላስቀመጡልን አመሰግናለሁ፤ «ተነጠቀ» የሚለው ፍርድ ላይ ግን አልስማማም። ምክንያቴን ከሙዚቃው ልጀምር።

ትዊስት የተሠራው ብሉዝ በሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን አካሄድ ነው። አሥራ ሁለት ባር፣ ማለትም አሥራ ሁለት እኩል የምት ክፍሎች፣ አለው። ሦስት ኮርዶች፣ ማለትም አብረው የሚሰሙ የድምፅ ስብስቦች፣ ብቻ ይፈራረቃሉ፤ በመነሻው ኮርድ አራት ባር ይቆያል፣ ከመነሻው አራተኛ በሆነው ድምፅ ላይ ወደሚቆመው ኮርድ ሄዶ ሁለት ባር ያርፋል፣ ሁለት ባር ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ ከዚያ በአምስተኛው ድምፅ ላይ የሚቆመውንና ያንኑ የአራተኛውን ኮርድ አንዳንድ ባር ነክቶ በመጨረሻው ሁለት ባር መነሻው ላይ ይዘጋል። ይህ አካሄድ የማንም አይደለም። እኛ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ቅኝት ብለን እንደምንይዛቸው፣ እነሱም ብሉዝን የጋራ ማሳ አድርገው ይዘውታል፤ እያንዳንዱ የራሱን ዘር ይዘራበታል። የትዊስትን ዜማ ወደ ኋላ ብትከተሉት፣ ባላርድ ከእሱ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1957 ባወጣው በሌላ ዘፈኑ ውስጥ ታገኙታላችሁ፤ ያም ዘፈን ደግሞ ድሪፍተርስ የተባለው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1955 ካወጣው ዘፈን የተቀዳ ነው። ባላርድ ከሰው ተቀብሎ አበጀው፣ ቼከር ከባላርድ ተቀበለው። ልዩነቱ ቼከር ያሻሻለው ነገር ጥቂት መሆኑ ነው፤ በዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር እስማማለሁ። ነገር ግን በቼከር ሸክላ ላይም የደራሲነቱ ስም የባላርድ ነው። ቼከር ሲታወቅ ደግሞ የባላርድ የራሱ ቅጂ ዳግመኛ ወጥቶ በሆት 100 28ኛ ደርሷል፤ በዚያው በ1960 ሌላ ዘፈኑ 7ኛ ወጥቶለታል። ባላርድ ለሰፊው ሕዝብ የደረሰበት ዓመት ያ ዓመት ነበር።

ለጠያቂው የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። ክራሩን በባቲ ማይነር የቃኘ ሰው ብሉዝ የሚቆምበትን አጥንት በእጁ ይዟል። መነሻው፣ ትንሹ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛና ትንሹ ሰባተኛ፤ እነዚህ አምስት ድምፆች በባቲ ማይነርም በብሉዝም አንድ ናቸው። የእኛው ባቲ ከተማ ስሟን በሰጠችው ቅኝትና በአሜሪካ የጥጥ እርሻ ላይ በተወለደው ሙዚቃ መካከል ይህን ያህል መቀራረብ መኖሩን መጀመሪያ ስረዳ ሌሊቱን ሙሉ ክራሬን ስነካካ አደርሁ። ሆኖም መመሳሰሉ ወንድማማችነት ነው ብዬ አልደመድምም፤ አምስት ድምፅ የሚጠቀሙ ሕዝቦች በዓለም ላይ ብዙ ናቸው። ስትሞክሩት ግን ልዩነቱ የሚመጣው ኮርዱ ሲለወጥ መሆኑን ታያላችሁ። የእኛ ዘፈን ከአንድ መነሻ ላይ ተቀምጦ ዙሪያውን ያስሳል። ትዊስት ግን ወለሉ ራሱ ከሥሩ እየተነሳ ይሄድበታል።

ምቱም ይለያል። በወሎ ብዙው ዘፈናችን በስድስት ምት ይወዛወዛል፤ ትከሻ ለሁለት እየተከፈለ የሚሰበረው በዚያ ላይ ነው። ትዊስት አራት እኩል ምት ሆኖ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ከበሮው ይጠብቃል። አጎትዎ «ስትጨፍረው ይገባሃል» ያሉት ምናልባት ከዚህ ጋር ይገናኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ጭፈራውን የሚያውቅ ይናገር።

እታለም ዘሰኞ ገበያ፦

ጭፈራውን የሚያውቅ ይናገር ስለተባለ እኔ ልናገር። ሠርግ ላይ ከበሮ የምመታ፣ ልጆችን እስክስታ የማስተምር ሴት ነኝ። የአጎትዎ ንግግር ለእኔ ፍጹም ግልጽ ነው።

በትዊስት ዘመን ስለ አሜሪካና ስለ አውሮፓ የተጻፈውን ብታነቡ፣ ሰዉን ያነጋገረው ትልቁ ነገር ወንዱና ሴቷ ሳይያያዙ፣ እጅ ለእጅ ሳይነካኩ፣ ፊት ለፊት ቆመው መጨፈራቸው ነው። ከዚያ በፊት በአዳራሾቻቸው ዋልሱም ይሁን ሌላው ሁሉ ወንዱ ሴቷን ይዞ የሚመራበት ነበር። ሲለያዩ የዓለም መጨረሻ የመጣ ያህል ተቆጠረ። አሁን ይህንን ለወሎ ሰው ንገሩት! እኛ መቼ ተያይዘን ጨፍረን እናውቃለን? ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቷ በሌላ ወገን ይቆማሉ፤ ትከሻ ለትከሻ ይነጋገራሉ፣ ዓይን ለዓይን ይጠያየቃሉ፣ አንዱ ሲያወርድ አንዱ ይቀበላል፣ ተጠጋግተው ሊገናኙ አንድ ስንዝር ሲቀራቸው ይመለሳሉ። ሳይነካኩ መጨፈር ለአጎትዎ ከእናታቸው ጓዳ የወጡበት ነገር ነው። አሜሪካውያኑን ያስደነቃቸው እንግዲህ ይህ ነው።

አጎትዎንና ጓደኞቻቸውን ያስደነቃቸው ሌላ ነው፤ እሱም ወገብ ነው። ቼከር ጭፈራውን ሲያስረዳ፣ ሲጋራ በሁለት እግሮችህ እንደምታጠፋ አድርገህ እግርህን አዙር፣ ከዚያ ከገላ መታጠብ ወጥተህ በፎጣ ጀርባህን እንደምታደርቅ አድርገህ ወገብህን አወዛውዝ ይል ነበር። እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ ካደረግህ ትዊስት አወቅህ ማለት ነው። በወሎ እስክስታ የሚናገረው ከወገብ በላይ ያለው ነው፤ አንገት፣ ትከሻ፣ ደረት። ወገብ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ጸጥ ይላል። በልጅነቴ እናቴ እስክስታ ስታስተምረኝ፣ ወገቤ ከተንቀሳቀሰ በመቀነቷ ጠበቅ አድርጋ አስራኝ «ቤቱ ሲነቃነቅ ጣሪያው ምን ይሆናል?» ትለኝ ነበር። ትዊስት ያንን መቀነት ፈታው። ከታች ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣ ጭፈራ ነው፤ የእኛ ከላይ ተነስቶ ወደ ታች የሚወርድ ነው። በ1955 ዓ.ም. ለነበረ የደሴ ወጣት ይህ ድፍረት ነበር፤ ለአባቱ ደግሞ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያቅተኝም።

ዘፈኑ ሁለተኛ ጊዜ ለምን አንደኛ እንደወጣ ጋሽ አሮጌ ሸክላ ቀኑን እንጂ ምክንያቱን አልነገሩንም። ቢጨምሩበት ደስ ይለኛል።

እርስዎ ደግሞ አጎትዎን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፤ የሚጨፍሩበት ወለል ምን ነበር? እስክስታ በሜዳም በሣርም በአፈርም ይጨፈራል፣ እግር መሬቱን መርገጥ እንጂ መፋቅ የለበትም። ትዊስት ግን እግር መሬት ላይ መዞር አለበት። በተለቀለቀ የአፈር ወለል ላይ እንዴት እንደሆነላቸው ማወቅ እፈልጋለሁ።

አሮጌ ሸክላ፦

እታለም ልክ ነዎት፤ ዋናውን ጥያቄ ሳልመልስ ወደ ቁጭቴ ሮጬ ነበር።

በመጀመሪያው ዙር፣ እ.ኤ.አ. በ1960፣ ትዊስትን ያነሱት ልጆች ናቸው። ቼከር እ.ኤ.አ. ነሐሴ 6 ቀን 1960 በክላርክ የቅዳሜ ምሽት ዝግጅት ቀርቦ እየዘፈነ አሳያቸው፤ በሳምንታት ውስጥ ወጣቱ ሁሉ ያዘው። ይህ ጭፈራ በቴሌቪዥን ለመዛመት የተመቸበትን ምክንያት አስተውሉ። የሚይዝህ ሰው አያስፈልግህም፣ የሚቆጠር እርምጃ የለም፣ የሚያስተምር ሰው ቤትህ መምጣት የለበትም፤ የቴሌቪዥኑ መስኮት ፊት ቆመህ የምታየውን መምሰል ብቻ ነው። እታለም እንዳሉት መለያየቱ ለእነሱ አዲስ ነበር፤ በፍጥነት የተዛመተበትም ምክንያት ያው መለያየቱ ይመስለኛል። ከዚያ ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ወደ ሌላ አለፉ። ቼከር ራሱ በ1961 መጀመሪያ በሌላ የጭፈራ ዘፈን ሦስት ሳምንት አንደኛ ሆኗል፤ በዚያው ዓመት ደግሞ ትዊስትን መልሰን እንጨፍር የሚል ዘፈን አውጥቶ የግራሚ ሽልማት አገኘበት። ለልጆቹ ትዊስት በዚህ ጊዜ ያለፈ ነገር ነበር።

ሁለተኛውን ዙር ያመጡት አዋቂዎቹ ናቸው። በኒው ዮርክ በ45ኛው ጎዳና ላይ ፔፐርሚንት ላውንጅ የሚባል ትንሽ መጠጥ ቤት ነበር፤ ጆይ ዲ እና ስታርላይተርስ የተባሉ ልጆች በየምሽቱ እዚያ ትዊስት ይጫወታሉ። እ.ኤ.አ. በ1961 መጸው የከተማው ባለጸጎች፣ የፊልም ተዋንያንና የመኳንንት ዘሮች ወደዚህች ጠባብ ቤት መጉረፍ ጀመሩ፤ ጋዜጦች ፎቶግራፋቸውን አወጡ። ቼከር በዚያው ጥቅምት በኤድ ሱሊቫን የእሑድ ምሽት ዝግጅት ቀረበ፤ ይህ ደግሞ ቤተሰብ ሁሉ፣ አያት ሳይቀር፣ ተሰብስቦ የሚያየው ነበር። በኅዳር ዘፈኑ ወደ ሠንጠረዡ ተመልሶ ገባ፣ በጥር አንደኛ ሆነ። ከአንደኛነት ያወረደውም ሌላ ትዊስት ነው፤ ጆይ ዲ በመጠጥ ቤቱ ስም ያወጣው ዘፈን ተተክቶ ሦስት ሳምንት ቆየ። የቼከር ትዊስት በሁለቱ ዙር በአጠቃላይ ለ39 ሳምንታት በሠንጠረዡ ላይ ቆይቷል፤ ቢልቦርድም እ.ኤ.አ. በ2008 የሆት 100ን ሃምሳ ዓመት ሲያከብር ከዘፈኖች ሁሉ አንደኛ ብሎ ያስቀመጠው ይህንኑ ነው።

ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው። ትዊስት የሚመደብበት ሮክ ኤንድ ሮል የተባለው የሙዚቃ ስልት እስከዚያ ድረስ የልጆች ጩኸት እየተባለ ይናቅ ነበር። በእኛ ዘንድ ዘፈንና ጭፈራ ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ትዊስት ግን ከልጅ ወደ አባት ወጣ። የአርባና የሃምሳ ዓመት ሰው ከልጁ ተምሮ አዳራሽ መሐል ቆመ። ሁሉም አልወደደውም፤ የቀድሞው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር እ.ኤ.አ. በግንቦት 1962 በአደባባይ ንግግር ነቅፈውታል። ነገር ግን ሸክላ የሚገዛው የልጅ የኪስ ገንዘብ ብቻ መሆኑ ቀረ። አንድ ዘፈን ሁለት ጊዜ አንደኛ የወጣው ሁለት ትውልድ በየተራ ስለገዛው ነው።

ክራር ከኮምቦልቻ ስለ «ተነጠቀ» ያለውን አስቤበታለሁ። ዜማው ከሰው ወደ ሰው መተላለፉን እቀበላለሁ። ሆኖም የእኛ አዝማሪ የሌላውን ዜማ ሲቀበል የራሱን ግጥም፣ የራሱን ጉሮሮ ይዞ ይመጣል፤ ትዝታን መቶ ሰው ቢዘፍነው መቶ ትዝታ ነው። የሌላውን ሰው ድምፅ እንዳለ መምሰል ለእኔ ከዚህ የተለየ ነው። ባላርድ ገንዘቡን አግኝቷል፣ እ.ኤ.አ. በ1990ም በሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ስሙ ተመዝግቧል፤ ቼከር የተመዘገበው በ2025 ነው። ስለዚህ «ተነጠቀ» የሚለውን ቃል አነሳለሁ። ቁጭቱን ግን አላነሳም።

የባቲ ተማሪ፦

ለጠያቂው የቀን ማስተካከያ ብቻ ልጨምር፤ ለአድማጮችዎ በእኛ አቆጣጠር ቢነግሯቸው ይቀርባቸዋል። የመጀመሪያው አንደኛነት መስከረም 9 ቀን 1953 ዓ.ም. ነው፤ የእንቁጣጣሽ አበባ ገና ሳይጠወልግ። ሁለተኛው ጥር 5 ቀን 1954 ዓ.ም. ሲሆን ጥምቀት ሊደርስ ስድስት ቀን ሲቀረው ነው። የሰላም ጓድ መምህራን አገራችን የገቡት በ1954 ማለቂያና በ1955 መባቻ ላይ ስለሆነ፣ አጎትዎ ያዩት ትዊስት የሁለተኛው ዙር ማለትም አዋቂዎቹ የተቀበሉት ትዊስት ነው። መምህር የሆነ ሰው ተማሪ ፊት ቆሞ ሊያሳየው የደፈረው ለዚህ ይመስለኛል፤ ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን ለመምህር የሚገባ ነገር ተደርጎ ባልተቆጠረም ነበር።

ክራር ከኮምቦልቻ፦

ይህች የተማሪው አስተያየት ግሩም ናት፤ አላሰብሁባትም ነበር።

ጋሽ አሮጌ ሸክላ፣ ስለ አዝማሪው የተናገሩትን ተቀብያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ላስታውስ፤ እኔም ክራር ስጀምር ሁለት ዓመት ሙሉ የመምህሬን አመታት እንዳለ ከመቅዳት በቀር ምንም አልሠራሁም። ቼከር አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር።

የሆጤው አንባቢ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ይህን ሁሉ ለአጎቴ አንብቤላቸዋለሁ፤ አንዳንዱን ሁለት ጊዜ አስነብበውኛል።

እታለም፣ ስለ መቀነቱ ያነበብሁላቸው ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «የማን ልጅ ናት?» ብለው ጠየቁኝ። የተናገሩት በትክክል እንደዚያው ነው አሉ። መምህሩ ሲያሳያቸው፣ ተማሪዎቹ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ትከሻቸውን ነበር የሰበሩት፤ ወገባቸው እሺ አላለም። መምህሩ ደግሞ በተራው የእነሱን ትከሻ አይቶ ሸክላውን አቁሞ «ይህን አስተምሩኝ» አላቸው። እሱ እስክስታውን፣ እነሱ ትዊስቱን ለመልመድ ሲታገሉ የዓመቱ ግማሽ እንዳለፈ ይናገራሉ።

የሀንክ ባላርድን ስም እስከ ዛሬ ሰምተውት አያውቁም ነበር። ሁለቱን ቅጂዎች አከታትዬ በስልኬ ባሰማቸው መለየት አልቻሉም፤ ከዚያ ስሙን በወረቀት እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ፣ አሁን መነጽራቸው ማኅደር ውስጥ አለ።

ስለ ወለሉም ጠይቄአቸዋለሁ። በአፈር ወለል አልሆነም አሉ፤ አቧራው ይነሳል፣ ልቅላቂው ይነቀላል፣ የቤቱ እመቤትም ትቆጣለች። ሊሾ ሲሚንቶ ያለው ከጓደኞቻቸው የአንዱ ቤት ብቻ ስለነበር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁሉም እዚያ ይሰበሰቡ ነበር። ችግሩ ጫማው ሆነ። የላስቲክ ጫማ ሲሚንቶውን ነክሶ ይይዛል፣ አይዞርም፤ የቆዳ ሶል ያለው ጫማ የነበራቸው ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሁለቱ ጥንድ ጫማዎች በተራ ይዞሩ ነበር፤ አንዱ ሦስት ደቂቃ ጨፍሮ ያወልቃል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ሸክላው እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። የአጎቴ እግር ትልቅ ስለነበር ተረከዛቸው ከጫማው ውጭ ቀርቶ ይጨፍሩ እንደነበር ነግረውኛል።